ልጃችሁን ለኳርቴት ውድድር ስታዘጋጁ

ልጄ ቪዮላዋን፣ ከቫዮሊን ተለቅ የምትለዋን መሣሪያ፣ ይዛ «ፊሾፍ መግባት እፈልጋለሁ» ስትለኝ፣ ስለ ኳርቴት የማውቀው አራት ሰው መሆኑን ብቻ ነበር። ፊሾፍ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንዲያና፣ ሳውዝ ቤንድ ከተማ ወጣት የቻምበር ሙዚቀኞችን የሚያወዳድርና የሚያስተምር ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሆነው፣ ያለ መሪ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ቀረጻ ይላካል፤ የተመረጡት ሜይ ላይ ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ይወዳደራሉ።

ልምምዱን አንድ ቀን፣ አንድ ቤት አድርጉት። በየሳምንቱ የአራት ቤት ወላጅ ማግባባት አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ። የእኛ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እኛ ሳሎን ነው።

ሲቃኙ ተራ በተራ ይሁን፤ ሁሉም አንድ ላይ ከጀመሩ ማንም ማንንም አይሰማም። ከዚያ ጀርባ ለጀርባ አስቀምጧቸው። አስተማሪያቸው ይህን ስታደርግ ቀልድ መስሎኝ ነበር። መተያየት ሲቀር የሚቀረው ትንፋሽ ነው፦ አንደኛዋ ቫዮሊን ተጫዋች በአፍንጫዋ ስትስብ የትንፋሹ ርዝመት ራሱ ፍጥነቱን ይነግራቸዋል። በጥድፊያ ከሳበች የሚጫወቱት የሃይደን ሙዚቃም በጥድፊያ ይነሳል። አሁን ማድቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ገና ሳይጀምሩ «ይኼ ፈጠነ» እላለሁ።

ቀረጻውን ምንጣፍ ያለበት ሳሎን ውስጥ አታድርጉት፣ ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ እንጨት የሆነ አዳራሽ ለምኑ። ማይክሮፎኑን ከልጆቹ ሁለት ሦስት ሜትር አርቁት፣ ከራሳቸውም ከፍ ይበል። ከሦስት ጊዜ በላይ አታስደግሟቸው፤ አራተኛው ላይ ክንዳቸው ይዝላል። እኛ አዳራሽ አጥተን ቤት ቀድተን ስናዳምጠው ፍሪጁ አምስተኛ አባል ሆኖ አብሮ ያንጎራጉራል። በሁለተኛው ሙከራ ነቀልኩት። መልሼ መሰካቱን ግን ረሳሁ፣ የዶሮ ወጡ ነገር ይቅር።

በመጀመሪያው ዓመት አልተመረጡም። ቢሆንም ሌሎቹን ለማየት ወሰድኳቸው፤ እናንተም ውሰዷቸው። ልጄ ከመድረኩ ይልቅ አግዳሚው ላይ የተማረችው ይበልጣል፣ በተለይ አንድ ቡድን የመሣሪያ ክር ተበጥሶበት ሳይደነግጥ ሲቀይር አይታ።

ከቺካጎ የምትነዱ ከሆነ አንድ ነገር፦ ሳውዝ ቤንድ በሰዓት ይቀድመናል፣ ልክ አንድ ሰዓት። እኔ ይህን የተረዳሁት የመጀመሪያው ቡድን አጨብጭበውለት ከመድረክ ሲወርድ ደርሰን ነው። ዘንድሮ ልጄ የመኪናዬን ሰዓት ከአንድ ሳምንት በፊት ቀይራዋለች፤ ሥራ ሁልጊዜ ቀድሜ እገባለሁ።