አቅም በፈቀደ መጠን የሚሰፋ የቁርጥራጭ ብርድ ልብስ

የእጅ ቁርጥማት፣ ስኳር፣ የወገብ ሕመም ወይም ቶሎ የሚያደክም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው የእጅ ሥራ ሲጀምር የሚከብደው ስፌቱ ሳይሆን ሳይጨርስ መነሣቱ ነው። ሹራብ በመሀል ሲጣል ዓይኑ ይወጣል፤ ጥልፍ ሲጣል አሠራሩ ይረሳል። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚገጣጠም ብርድ ልብስ ግን የትም ላይ ቢቆም አይበላሽም። ሳምንት ተኝቶ የተነሣ ሰው ካቆመበት ካሬ ይቀጥላል። ይህ የሚሆነው ግን ሥራው ገና ሲታሰብ በትንንሹ ሲከፋፈል ነው፤ ያለዚያ ጨርቁ ጓዳ ገብቶ ይቀራል።

ብዙ ሰው ቁርጥራጭ ሲባል ድሪቶ ትዝ ይለውና ያፍራል። ድሪቶ በቀዳዳ ላይ እራፊ፣ በእራፊ ላይ እራፊ እየተደረበ የሚመጣ ነው። ይሄኛው በልክ ተቆርጦ በልክ ይገጠማል። የሚለያቸው ልኩ ብቻ ስለሆነ ከታች ስለ ልክ ደጋግመን እናነሣለን።

ለመጀመሪያ ጊዜ 100 በ120 ሴ.ሜ ይበቃል። ለጉልበት ወይም ለሕፃን ይሆናል፤ ሲታጠብም አቅም ለሌለው ክንድ አይከብድም። የአልጋ ልክ መጀመር ትልቁ ስሕተት ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ሁለት ሰው እንኳ ይቸግረዋል። ለዚህ ልክ 120 ካሬ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ 12 በ12 ሴ.ሜ ይቆረጥና በየጎኑ 1 ሴ.ሜ ለስፌት ተትቶ ሲሰፋ 10 በ10 ሆኖ ይታያል። አራት አራቱ ተገጥመው አንድ «ባለ አራት» ይሆናሉ፣ በጠቅላላው 30። በቀን አንድ ባለ አራት የሚሰፋ ሰው በወር ይጨርሳቸዋል፤ በሳምንት ሁለት የሚሰፋም አራት ወር አይሞላበትም።

ጨርቁ

ጅማ ላይ ቁርጥራጭ የሚገኘው ከልብስ ሰፊዎች መኪና ሥር ነው። ፌስታል ሰጥታችሁ «የጥጥ ብቻ ለዩልኝ» በሉ። ሐሙስ በሂርማታ ገበያ ወጥታችሁ ልባሽ ጨርቅ ብትመርጡም ይሆናል፤ የወንድ የጥጥ ሸሚዝ ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ብዙ ካሬ ይወጣዋል። ብብትና አንገትጌ አካባቢ ያለው ስለሚሳሳ ተዉት። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ወርዱ 150 ሴ.ሜ የሆነ ጨርቅ በአንድ ሰቅ (በወርዱ ሙሉ 12 ሴ.ሜ ተደርጎ በሚቆረጥ ረጅም ቁራጭ) 12 ካሬ ይሰጣል፤ 10 ሰቅ 1.2 ሜትር ነውና ከየቀለሙ ተደማምሮ 1.5 ሜትር ግዙ። ለብርድ ልብሱ ጀርባ አቡጀዲ ጥሩ ነው፦ ወርዱ 150 ከሆነ 1.2 ሜትር፣ 90 ከሆነ ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ለመስፋት 2.4 ሜትር።

የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ሰው ሠራሽ ክር አለበት፤ በካውያ አይታጠፍም፣ ከጥጡም ጋር እኩል አይሸበሸብም። ለመለየት አንድ ክር መዛችሁ ሸክላ ሳሕን ላይ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል።

ሁሉም ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ከልባሽ ጨርቅ የሚወጣው አቧራም አስም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። ቀይና ጥቁሩን ለብቻ እጠቡና እርጥቡን በነጭ ጨርቅ ሽጉ፤ ቀለሙ ከወጣ ደግማችሁ እጠቡ። በሦስተኛውም ከለቀቀ ተዉት። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል ይባላል፣ የፋብሪካ ቀለም ላይ ግን መተማመኛ አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም ጅማ ላይ ልብስ በአንድ ቀን ላይደርቅ ይችላል፤ ያልደረቀ ጨርቅ ተጣጥፎ ከተቀመጠ ሻጋታ ያወጣል፣ እርጥብ ሆኖ ከተቆረጠም ልኩ ይዛባል። የክረምት ሥራችሁን ጨርቅ በበጋ አጥባችሁ አስቀምጡ።

መቁረጥ

ከጠንካራ ካርቶን ሁለት ልክ ሥሩ፦ አንዱ 12 በ12፣ ሌላው 10 በ10። ጀርባቸው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ብትለጥፉ ጨርቁን ይዞ አይንሸራተትም፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። በትልቁ የመቁረጫውን፣ በትንሹ መሀል ላይ አስቀምጣችሁ የስፌቱን መስመር በጨርቁ ጀርባ በእርሳስ አስምሩ። ለጥቁር ጨርቅ ያለቀ ሳሙና ስስ ቁራጭ ይሻላል። መቀሱ በመስመሩ ውስጥ ጠርዝ ይሂድ፤ በውጭ ከሄደ ካሬው ያድጋል። ካርቶን ጠርዙ ስለሚበላ 30 ያህል ካሬ ካወጣችሁ በኋላ ከሜትር ጋር አስተያዩትና ካነሰ አዲስ ቁረጡ።

ጣት የሚያመው ሰው መቀሱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ይቁረጥ፤ ክንድ በአየር ላይ ሲሠራ ትከሻ ይሸከማል። በአንድ ቀን ከ10 ካሬ በላይ አትቁረጡ። እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት የዋጣችሁ ቀን መቀስም ካውያም አትንኩ።

ባለ አራቱ

ሁለት ካሬ ፊትና ፊቱን አገናኝታችሁ በአንዱ ጥግ ላይ ስፒል ውጉ፤ ስፒሉ በላይኛው ጨርቅ መስመር ጥግ ገብቶ በታችኛው መስመር ጥግ መውጣት አለበት። ገልብጣችሁ እዩት። ካልገጠመ አሁን ማስተካከል አንድ ስፒል መንቀል ነው፣ በኋላ ግን መፍታት ይሆናል። ክሩ ከ45 ሴ.ሜ አይብለጥ፤ ሲረዝም ይጠላለፋል፣ ክንድም በየስፌቱ ይዘረጋል። ከመስመሩ ጥግ ጀምራችሁ እስከ መስመሩ ጥግ ድረስ ብቻ ስፉ፣ በ1 ሴ.ሜ 3 ስፌት፣ በየአራተኛው አንድ ወደኋላ እየመለሳችሁ። የኋላ መልሱ አንዱ ክር ቢበጠስ ቀሪው እንዳይከተል ይይዛል። ሁለቱ ጥንዶች ከተሰፉ በኋላ በካውያ የአንዱን የስፌት ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የሌላውን ወደ ግራ አስተኙ፤ ሲጋጠሙ ትርፎቹ እየተቃረኑ ይቆላለፋሉ፣ መሀሉም አያብጥም። ካውያውን አትጎትቱ፤ ተጫኑና አንሡ። ሲጎተት ካሬው ወደ አንድ በኩል ይዛነፋል። አንድ ባለ አራት 40 ሴ.ሜ ስፌት ነው፣ ወደ 120 ስፌት።

ሲያልቅ ከዳር እስከ ዳር ይለካ፦ 22 ሴ.ሜ። ስፌቱ ከመስመሩ በ2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ 4 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ በአግድም 10 ካሬ ሲደረደር 9 ስፌት አለ፣ 3.6 ሴ.ሜ ማለት ነው። አንዱ ረድፍ 3.6 ሴ.ሜ አጥሮ ሌላው ትክክል ሲሆን ብርድ ልብሱ እንደ ጀልባ ይጎብጣል፤ ካውያም አያቃናው። ስለዚህ 21.5 የሆነውን ባለ አራት እዚያው ፍቱት። ለመፍታት ምላጭ የሚጠቀም ብዙ ነው፤ ጣቱ የሚደነዝዝ ሰው ግን ትንሽ መቀስ ይያዝ።

ሰውነት

የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ውብ ሥራ ነው፤ ለስፌት ግን መደገፊያ የለውም፣ ጉልበትንም ከወገብ በላይ ያወጣል። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ እግር መሬት የሚነካበት፣ ጨርቁም ጭን ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ። ጠረጴዛ ከሌለ ጭን ላይ ትራስ አድርጋችሁ ሥራውን ወደ ዓይን አምጡ፣ አንገት ወደ ሥራው አይሂድ። 20 ደቂቃ ሰፍታችሁ ተነሡ፣ በመስኮት ሩቅ እዩ፣ ጣት ዘርጉና ጨብጡ። ቡና ተቆልቶ ተወቅጦ እስኪፈላ ያለው ጊዜ አንድ ጥንድ ካሬ ያሰፋል፤ ስኒ ሲቀርብ ግን ጨርቁ ይነሣ። ቡና ከፈሰሰ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ከጀርባው በኩል አፍስሱበት።

ሕመሙ ከስፌት በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በሚቀጥለው ቀን የምትሰፉበትን ጊዜ በግማሽ ቀንሱ። መገጣጠሚያ ያበጠና የሞቀ ቀን መርፌ አይነሣም፤ ያን ቀን ቀለም መምረጥና መደርደር ይቻላል፣ እሱም ሥራ ነው።

ስኳር ላለባቸው ለብቻ ልናነሣው የሚገባ ነገር አለ። ነርቭ የተጎዳበት ጣትና እግር መርፌ ቢወጋው ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ መርፌና ስፒል ሲጀመርም ሲያልቅም ተቆጥሮ በአንድ ቆርቆሮ ይቀመጥ፤ ከተበላሸ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ወለል ላይ የወደቀውን ያነሣል። በባዶ እግር አይሰፋም። ሥራ ካበቃ በኋላ ጣትን በዓይን ማየት ልማድ ይሁን፤ የተወጋው በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፣ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ዓይን ለደከመበት፣ አሥር መርፌ በአንድ ጥቅል ክር ላይ ይሰካ። የቤቱ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳይሄድ ይሰካዋል፤ ከዚያ አንድ አንድ መርፌ እየተሳበ ክሩ ይቆረጣል። ለሐኪም ቀጠሮ ወረፋ የሚጠብቅም ሰው የተሰመሩ ስምንት ካሬዎችና ክር የገባላቸው መርፌዎች በትንሽ ቦርሳ ይዞ ቢሄድ ሁለት ባለ አራት ሰፍቶ ሊመለስ ይችላል። በመሬት ላይ ምንም አይዘርጋ፤ ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

መገጣጠምና መደረብ

ባለ አራቶቹን አልጋ ላይ 5 በአግድም፣ 6 በቁመት ደርድሩና ራቅ ብላችሁ እዩ፤ ሁለት ጥቁር ተጠጋግተው ከሆነ አለያዩ። ጀርባቸው ላይ ቁጥር ጻፉ፣ ከሦስት ሳምንት ዕረፍት በኋላ የሚያስታውሳችሁ እሱ ነው። ረድፎቹን ስፉ፣ ከዚያ ረድፍን ከረድፍ። ረጅሞቹ 5 ስፌቶች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ናቸው፤ እጅ ከከበደው በዋጋ ተስማምታችሁ ለልብስ ሰፊ ስጡ። ማስረከብ የሚገባው መጋጠሚያዎቹ በስፒል ተይዘው ነው፣ አለበለዚያ ጥጎቹ ይዛነፋሉ።

መሀሉ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ ቢሆን ይሻላል። የተነደፈ ጥጥ ይሞቃል፣ ግን ስፌቱ ከ5 ሴ.ሜ በላይ ከተራራቀ በመጀመሪያው እጥበት ተንከባሎ ጥግ ላይ ይከማቻል፤ አቧራውም ለሳንባ አይመችም። ጀርባውን 112 በ132 ሴ.ሜ ቆርጣችሁ ፊቱን ወደ ታች ጠረጴዛ ላይ በፕላስተር ወጥሩ፣ በላዩ ብርድ ልብሱን፣ ከዚያ 102 በ122 የሆነውን የካሬ ፊት። በዙሪያው የ5 ሴ.ሜ የጀርባ ትርፍ ይታያል፤ መሀሉን ብርድ ልብስ ከፊቱ ጋር እኩል ከርክሙት። ወለል ላይ ተንበርክኮ ማድረግ ወገብን ይጎዳል። ከመሀል ወደ ዳር በረጃጅም ስፌት ሸልሉት፤ ከዳር ከተጀመረ ጨርቁ መሀል ላይ ይታጠፋል።

በሙሉ በመርፌ መጠቅጠቅ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ለታመመ እጅ ማሰር ይሻላል። አራት ካሬ በሚገናኝበት ነጥብ ሁሉ ድርብ ወፍራም የጥጥ ክር ወደ ታች አውርዳችሁ ግማሽ ሴ.ሜ ራቅ ብሎ አውጡ፣ አንዴ ቀኙን በግራ፣ አንዴ ግራውን በቀኝ አድርጋችሁ እሰሩ፣ 2 ሴ.ሜ ተዉና ቁረጡ። ሁለቴ በአንድ አቅጣጫ የታሰረ ይፈታል። ነጥቦቹ 99 ናቸው፤ በቀን አሥር። መርፌው በሦስት ድርብ አልወጣ ሲል ጣትን አታስጨንቁ፤ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ በጣት ላይ አድርጋችሁ ሳቡት፣ ጎማው ስለሚይዘው ሳይጨበጥ ይመጣል።

ጠርዙ ከጀርባው ራሱ ይወጣል። ትርፉን 3 ሴ.ሜ ላይ ቁረጡ፣ ግማሹን አጥፉ፣ ደግሞ ወደ ፊት ገልብጣችሁ ቀምቅሙ። ጥጉ ላይ ጫፉን መጀመሪያ በሰያፍ አጥፋችሁ ካልቆረጣችሁት ያብጣል። መሸለያው ክር አሁን ይመዘዝ።

ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሳይታሽ በመጫን። ሁለት ሰው ሆኖ ይጨመቅ፤ ካልተገኘ ወንበር ላይ አንጠባጥቡት። በአንድ ገመድ ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ይለጠጣል፣ በሁለት ገመድ ላይ አንጣፉት፤ ፀሐይ ሲጠነክር የካሬው ፊት ወደ ታች ይሁን።