«አጥና» ሲባል ለሚሸሽ ልጅ

ደሴም ሆናችሁ ወልድያ፣ ቤታችሁ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ ይህችን ሞክሯት። ልጄ ኦቲዝም አለበት። ሊያጠና ሲል እንኳ «አጥና» ካልኩት ደብተሩን ይከድናል። ድሮ ጥጋብ ይመስለኝ ነበር። እንግሊዛዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤልዛቤት ኒውሰን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ፒዲኤ» (PDA፣ ትእዛዝን ከልክ በላይ መሸሽ) ብላ ስም ያወጣችለት ጠባይ ነው ለካ፤ ትእዛዝ ሲመጣበት ጭንቀት ይይዘዋል።

ስለዚህ ትእዛዙን ተውኩት። ቡና ሳፈላ የድሮ የፊዚክስ ጥያቄ ከረከቦቱ አጠገብ ጣል አደርጋለሁ። ከዚያ ለራሴ እንደማወራ፣ «ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ሲደርስ ስበቱም ዜሮ ይሆናል መሰለኝ» እላለሁ፣ ሆን ብዬ ተሳስቼ። እሱ ከስልኩ ቀና ሳይል፣ «ኧረ እማየ! ፍጥነቱ እንጂ ስበቱ የት ይሄዳል?» ይላል። ከአቦል እስከ በረካ አምስት ስድስት ጥያቄ እንዲህ ያልቃል።

«እስኪ አስረዳኝ» አልልም፤ እሱም ያው ትእዛዝ ነው። ሙገሳም አይወድም። አንዲት ጎረቤቴ «ጎሽ፣ በርታ!» ብላው ሳምንት ሙሉ ወረቀት አልነካም። (በቅንነት ነው ያለችው፣ ምን ትደረግ!)

በየቀኑ አይሠራም። ያልፈለገ ቀን ወረቀቱን አነሳለሁ፣ ትንፍሽ አልልም። ትናንት እኩለ ሌሊት ላይ በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ፣ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ሲሠራ አየሁት። በሩን ቀስ ብዬ መለስኩት።