የከርነል ሞጁል ስንሠራ ሄደር ፋይሎች ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሞጁሉ (የሊነክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ላይ የሚጫን ቁራጭ ኮድ) ያለ ምንም ችግር ኮምፓይል ይሆናል። ልትጭኑት ስትሉ ግን ከርነሉ «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» ብሎ እምቢ ይላል። ኮዱን መስመር በመስመር ከመፈተሻችሁ በፊት ሄደሮቹን (የከርነሉን መዋቅሮችና ፈንክሽኖች ለኮዳችሁ የሚያስተዋውቁትን ፋይሎች) እዩ። ጣጣው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት አፕዴት አድርጎ ሪስታርት ሳያደርጉ ሥራ መጀመር ነው። አዲሱ ከርነል ዲስኩ ላይ ገብቷል፣ እየሠራ ያለው ግን አሮጌው ነው። የከርነሉን ስሪት የሚናገረው «ዩኔም -አር» የሚባለው ትእዛዝ የሚያሳያችሁም እየሠራ ያለውን ነው። መጀመሪያ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ ስሪቱን እዩ፣ ሄደሩን በመጨረሻ ጫኑ።

ሌላው የተሳሳተ ፓኬጅ መጫን ነው። ፌዶራ ላይ «ከርነል-ሄደርስ» የሚባለው ለተራ ፕሮግራሞች የተዘጋጀ ነው። ለሞጁል የሚያስፈልገው «ከርነል-ዴቨል» ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ግን «ሊነክስ-ሄደርስ» ብላችሁ ሙሉውን ስሪት እስከ ጭራው አስከትሉ።

«ቁጥሩ ያው 6.8 አይደል?» ማለት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ያስቸግራል። ከርነሉን ያዘጋጀው ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱና ፌዶራ ያለ የሊነክስ ስርጭት) የራሱን ማስተካከያ ጨምሮበታል፣ የራሱንም ኮንፊግ (ከርነሉ ሲሠራ የሚበሩና የሚጠፉ ምርጫዎች) መርጧል። አንድ የኮንፊግ ምርጫ ሲበራ አንድ ስትራክት (ፊልድ የሚባሉ ዳታዎች በተርታ የሚቀመጡበት መዋቅር) ውስጥ አዲስ ፊልድ ሊገባ ይችላል። ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ቦታቸው ይገፋል። በሌላ ኮንፊግ የተሠራው ሞጁላችሁ ግን ፊልዱን በድሮ ቦታው ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ስለገጠመ ብቻ ከኢንተርኔት ባወረዳችሁት ሶርስ ኮድ አትሥሩ። «ሊብ» ውስጥ «ሞጁልስ»፣ እዚያ ውስጥ ሙሉው የስሪት ስም፣ በሱ ሥር «ቢልድ» የሚል ሊንክ አለ። ሜክፋይላችሁ (የቢልድ መመሪያ ፋይሉ) ወደዚያ ይጠቁም።

ከርነሉ ራሱም ይጠነቀቃል። ሞጁሉን በ«ሞድኢንፎ» ትእዛዝ ስታዩት «ቨርማጂክ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ፤ ሞጁሉ ለየትኛው ከርነል እንደተሠራ የሚናገረው እሱ ነው። ሞድቨርዥንስ የሚባለው የኮንፊግ ምርጫ ከበራ ደግሞ ሞጁሉ የሚጠቀምበት የእያንዳንዱ ኤክስፖርት የተደረገ ሲምቦል (ከርነሉ ለሞጁሎች የከፈተው ፈንክሽን ወይም ቫሪያብል) ቼክሰም፣ ማለትም ማረጋገጫ ቁጥር፣ ይመሳከራል። ቼክሰሞቹ ያሉት «ሞጁል ዶት ሲምቨርስ» በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ሶርስ ኮዱን ለሞጁል ሥራ የሚያዘጋጀው «ሜክ ሞጁልስ_ፕሪፔር» ይህን ፋይል እንደማይሠራ ልብ በሉ። ከርነሉን በሙሉ ቢልድ ማድረግ ይጠይቃል።

እባካችሁ ሞጁል የሚጭነውን ትእዛዝ፣ «ሞድፕሮብ»ን፣ በ«ፎርስ» አታስገድዱት። ይህን ሁሉ ፍተሻ ይዘላል። የተሳሳተ ሜሞሪ ላይ የሚጽፍ ሞጁል ማሽኑን ካደረቀው ዕድለኛ ናችሁ፣ ዝም ብሎ ዳታ ሊያበላሽም ይችላል።

ኮንቴይነር ውስጥ ስትሠሩም ዩኔም የሚነግራችሁ የሆስቱን (ኮንቴይነሩን የተሸከመውን ማሽን) ከርነል ነው፤ ሄደሩም ከሱ ጋር መግጠም አለበት።

በየአፕዴቱ ሞጁሉን መልሶ መሥራት ከሰለቻችሁ ዲኬኤምኤስን (አዲስ ከርነል ሲገባ ሞጁሉን በራሱ መልሶ የሚሠራ መሣሪያ) ተጠቀሙ። ግን ሜክፋይላችሁ ሁልጊዜ ስሪቱን ከዩኔም እንዲወስድ አድርጋችሁ አትጻፉ። አፕዴት ሲመጣ ዲኬኤምኤስ ሞጁሉን የሚሠራው ገና ላልተነሳው ከርነል ነው፣ ዩኔም ደግሞ የአሮጌውን ስም ይመልሳል። ዲኬኤምኤስ የሚያቀብለውን ስሪት ተቀበሉ። ኡቡንቱ ላይ ከሆናችሁ፣ ከርነላችሁም የመጣው «ሊነክስ-ኢሜጅ-ጀነሪክ» በሚባለው ፓኬጅ ከሆነ፣ «ሊነክስ-ሄደርስ-ጀነሪክ»ን ጫኑ፤ የአዲሱ ከርነል ሄደር አብሮ የሚመጣው ያኔ ነው።