ሲጋራ ላቁም ብሎ ስልክ ማንሣት

ሐዋሳ ውስጥ ሲጋራ ማቆም የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ስሜቱ የሚገባው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የትምባሆ ጥናት፣ ከ100 አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት 5ቱ ብቻ ነበሩ። ለአገር ደስ የሚል ቁጥር ነው። ለአጫሽ ግን ብቸኝነት ነው። እናቴ «ተወው በቃ!» ትለኝ ነበር፣ ጫማ አውልቅ የምትል ይመስል። ወንድሜ ደግሞ አንድም ቀን አጭሶ አያውቅም። አምሮቱ ሲመጣ እጅ እንዴት እንደሚቁነጠነጥ ልነግረው ስሞክር ይስቅብኛል።

እና ሰው ምን ያደርጋል? ስልኩን ያወጣል። እኔም አውጥቻለሁ። የተሳካልኝ በሦስተኛው ሙከራ ነው። በሁለቱ የወደቅሁት ስልኩን አጠቃቀም ባለማወቄም ጭምር ነው። ከታች የዘረዘርኳቸው እኔም ሌላውም የምንሠራቸው ስህተቶች ናቸው።

አቆምኩ ብሎ ማወጅ

የመጀመሪያው ጊዜ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ሲጋራ በቃኝ!» ላይኩ ጎረፈ። «ጀግና!» «ኮራንብህ!» ከአጎቴ ልጅ ጀምሮ እስከ ድሮ የሒሳብ አስተማሪዬ ድረስ ያልጻፈ የለም። ያ ሁሉ ጭብጨባ ሲመጣ፣ ገና ምንም ሳልሠራ ሥራውን የጨረስኩ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ማታ ከጓደኞቼ ጋር ቢራ ይዘን ተቀመጥን። ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ አንዱ ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አጨስኩ።

ከዚያ ለማን ልንገር? የለጠፍኩትን ማጥፋትም ያሳፍራል። ሁለት ወር ሙሉ እየተደበቅሁ አጨስኩ፣ ከበፊቱ ብሶ።

ሦስተኛው ቀን ላይ መውደቄ ግን የሚገርም አልነበረም። ኒኮቲን ከሰውነት ቶሎ ይወጣል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ንጭንጩ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻሉ የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ነው፤ ከዚያ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይለዝባል። ያለ ምንም እርዳታ ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች፣ ከመንፈቅ እስከ ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከ3 እስከ 5 ቢሆኑ ነው። ይህን ባውቅ ኖሮ ለሰው ሁሉ አላወራም ነበር። ለሁለት ሰው እነግር ነበር፣ ማታ ስደውል ስልክ ለሚያነሱ ሁለት ሰዎች።

አሥር ግሩፕ ገብቶ ዝም ማለት

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ቴሌግራም ላይ ያገኘሁት ግሩፕ ውስጥ ሁሉ ገባሁ። ሁሉንም ድምፅ አጠፋሁባቸው። አንድ ቃል አልጻፍኩም። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሰው ታሪክ ማንበብ ብቻ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ሲጋራ ሲያነብ ያመሸ ሰው ምን ያምረዋል? ሲጋራ ነዋ። ጭራሽ ደግሞ ሰው «ጠላታችን» እያለ የሚጨስ ሲጋራ ፎቶ ይለጥፋል። ጠላት ቢሆንም ምራቅ ያስውጣል።

አንድ ግሩፕ ይበቃል። ሰው መልስ የሚሰጥበት ይሁን። በገባችሁበት ቀን ስንት እንደምታጨሱና የትኛው ሰዓት እንደሚከብዳችሁ ጻፉ። ለምሳሌ «ከምሳ በኋላ» ወይም «ባጃጅ ስጠብቅ» ካላችሁ፣ የሚመልስላችሁ ሰው ስለዚያች ሰዓት ይመልስላችኋል። «ማቆም ፈልጌ ነበር፣ እርዱኝ» ካላችሁ ግን የምታገኙት «አይዞን» ብቻ ነው።

አምሮቱ ሲመጣ ምክር መፈለግ

ዋናው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ድንገት የሚመጣው አምሮት ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው። በዚያች ደቂቃ ቪዲዮ መፈለግ፣ ረጅም ጽሑፍ መክፈት አይሠራም። ኔትወርክም ይሄዳል።

በሦስተኛው ሙከራ ግሩፑ ውስጥ አንድ የከተማዬ ልጅ አገኘሁ። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ካቆመ ዓመት አልፎታል። አንድ ስምምነት አደረግን፦ ምክር የለም፣ መልስ ብቻ። አንድ ማታ ፒያሳ አንድ ሱቅ በደረቴ ፊት ቆሜያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲጋራ በነጠላ መሸጥ ክልክል ነው፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም አይሸጥም። ሱቅ በደረቴው ግን ፓኮውን ከፍቶ ከማስቲካውና ከሶፍቱ መሀል አቁሞታል። ላይተሩ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ጻፍኩለት።

«ነቅተሃል?»

«አለሁ። የት ነህ?»

«ሱቅ በደረቴ ጋ ቆሜ።»

«ስንት ይዘሃል?»

«ሃምሳ ብር።»

«ቆሎ ግዛበት። ገዝተህ ፎቶውን ላክልኝ።»

ቆሎ የምትሸጥ ሴት እስክፈልግ፣ እስክገዛ፣ ፎቶ አንስቼ እስክልክ ድረስ አምሮቱ ሄዷል። ቆሎ ደግሞ እጅንም አፍንም ሥራ ያስይዛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት ኪሴ ቆሎ በቆሎ ነበር፣ እናቴ ሱሪዬን ስታጥብ ተማርራለች።

ቆጣሪውን ማምለክ

ቀን የሚቆጥር አፕ ጭኛለሁ። ደስ ይላል፣ 11 ቀን፣ 12 ቀን። በ19ኛው ቀን አንድ ለቅሶ ላይ ሁለቴ ሳብኩ። ቆጣሪው ዜሮ ሆነ። ዜሮዋን ሳያት «እንግዲያውስ» ብዬ አንድ ፓኮ ልገዛ ወጣሁ። ይህ የሂሳብ ስህተት ነው። 19 ቀን ያልጨሰ ሳንባ በሁለት ሳብ ዜሮ አይገባም። ወዲያው ለባጃጅ ነጂው ነገርኩት፤ «ዜሮውን ተወውና ነገን 20 በለው» አለኝ። በዚያው ቆጠርን።

የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ግምገማ በስልክ የሚላኩ አጫጭር የጽሑፍ መልእክቶች ማቆምን እንደሚያግዙ አግኝቷል። አፕ ለማቆም ይረዳል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። አፑን ጥሉት አልልም። ብቻ ዳኛ አታድርጉት።

ቲክቶክ ላይ መድኃኒት መግዛት

«ሳንባ በሦስት ቀን የሚያጥብ ሻይ» የሚባለውን አይታችኋል። ሳንባን የሚያጥብ መጠጥ የለም። ማጨስ ሲቆም ሳንባ ራሱን ማጽዳት ይጀምራል፤ አንዳንዱ ሰው መጀመሪያ ላይ የበለጠ የሚያስለውም ለዚህ ነው። በቴሌግራም የሚሸጠው ቬፕም (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራው) መፍትሔ አይደለም። አብዛኛው ኒኮቲን አለው፣ ያው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሽያጩን ይከለክላል። «ሲጋራ ትቼ ሺሻ ብቻ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ፣ አንድ ሰው አንዴ ሺሻ ላይ ሲቀመጥ የ100 ሲጋራ ያህል ጭስ ሊስብ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ማለቱን ንገሩት።

የኒኮቲን ማስቲካ ግን እውነተኛ መድኃኒት ነው፣ ካገኛችሁት። እንደ ተራ ማስቲካ ካኘካችሁት ያቃጥላል፣ ስቅታ ያመጣል። ቀስ ብላችሁ አኝኩት፤ አፍ ውስጥ መለብለብ ሲጀምር ጉንጭና ድድ መሀል አስቀምጡት፤ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና አኝኩ። ከማኘካችሁ በፊት ባለው ሩብ ሰዓትም ቡናና ለስላሳ አትጠጡ፣ ኒኮቲኑ በደንብ እንዳይሰርግ ያደርጋሉ።

ቡናውን በነበረበት መተው

ይሄን ማንም አልነገረኝም። እንዲያውም ግሩፑ ውስጥ «ሲያምርህ ቡና ጠጣበት» ይባላል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲሰባብር ያደርጋል። ሲጋራው ሲቆም ያው የድሮው ቡና ሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እኔ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳልል የማልነሣ ሰው ነኝ። ባቆምኩ በሳምንቱ ቶናው ላይ ልቤ ይመታል፣ ሌሊት ጣሪያ እቆጥራለሁ። ሲጋራ የማቆም ጦስ ነው ብዬ እንደገና ማጨስ ልጀምር ምንም አልቀረኝም። ግማሹ የቡናው ነበር። አሁን አቦል ላይ አቆማለሁ፣ እናቴ በረካን መተው ደግ አይደለም ብትልም።

በነገራችን ላይ ጭስ በዚሁ መንገድ የአንዳንድ መድኃኒቶችን መጠንም ይለውጣል፣ በተለይ የተወሰኑ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችን። የምትወስዱት ካለ ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። የቴሌግራም ሰው ይህን አያውቅም። ጫት የምትቅሙ ከሆነም ሁለቱን ነጥሎ መተው ከባድ ነው፣ ምርቃናው ሲጋራውን ይጠራዋል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር ከጫት ቤቱ ራቁ።

መስበክና መሳደብ

የእኛ ግሩፖች በሽታ ነው። አንዱ ወደቅሁ ሲል ሦስት ሰው «ኃጢአት ነው» ይላል፣ አራተኛው «ወንድ ሁን» ይለዋል። ያ ሰው ድጋሚ አይጽፍም። ሴት ከሆነች ደግሞ ጭራሽ መናገር አትችልም፤ «ሴት ልጅ ደግሞ ታጨሳለች?» የሚል አይጠፋም። የእኛው ግሩፕ ውስጥ አንድ በጣም ጎበዝ ሰው ነበር። ሌሊት ለሚጽፍ ሁሉ ፈጥኖ ይመልሳል። አማርኛ «አጨስኩ»፣ «ተውኩ» ሲል ወንድና ሴት አይለይም፣ እኛም ሁላችን ወንድሜ እንለዋለን። በአራተኛው ወር አንድ መልእክት ላከልን፦ «ወንድሜ እያላችሁ ስለረዳችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። እህታችሁ ነኝ።»