ለጣና መሟገት ለምትፈልጉ፦ ከባጃጅ እጥበት እስከ ማስቶዶን

ባሕር ዳር ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሰፈራችን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ማኅተም ማስመታት፣ ፎቶና ቃለ ጉባኤ ማስቀመጥ የእኔ ድርሻ ነው። ስልክ ሊያሠሩ የሚመጡ ተማሪዎች፣ በተለይ ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳና ከፖሊ ግቢ የሚመጡት፣ ወሬው ወደ ጣና ሲዞር «እኛም ስለ አየር ንብረት መቀስቀስ እንፈልጋለን፤ የቱን አፕ እንጠቀም?» ይሉኛል። ስለ አፑ፣ ማስቶዶን ስለሚባለው፣ እነግራችኋለሁ። ግን ከአፑ በፊት ያለው ሥራ ይበልጣልና ከዚያ እንጀምር።

ጥያቄያችሁ ፊርማ የሚያርፍበት ይሁን

«ጣናን እንታደግ» መፈክር እንጂ ጥያቄ አይደለም። ይህን ይዛችሁ ቢሮ ብትገቡ ኃላፊው ብድግ ብሎ ይጨብጣችኋል፣ «እኛንም ያሳሰበን ጉዳይ ነው» ይላችኋል፣ እስከ በሩ ይሸኛችኋል። ከወጣችሁ በኋላ ስታስቡት በእጃችሁ የገባ ነገር የለም። ጥያቄ የሚባለው አንድ የታወቀ ሰው፣ ባለው ሥልጣንና በያዘው በጀት ሊፈጽመው የሚችል ነገር ነው።

የእኛ ማኅበር የያዘው የባጃጅ እጥበትን ነው። ሐይቁ ዳር ወጣቶች በጀሪካን እየቀዱ ባጃጅና ሚኒባስ ያጥባሉ፤ የሞተር ዘይቱም ሳሙናውም ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። «ይሄ ደግሞ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ሙቀት ሲጨምርና ዝናብ ሲዛባ ሐይቅ የሚችለው ዳርቻው ጤነኛ ከሆነ ነው። ደንገሉ ደለሉን ያጣራል፣ ከሥሩ ባለው ረግረግ ውስጥ ካርቦን ተከማችቶ ይቆያል። ዳርቻው ተረግጦ የእጥበት ሜዳ ከሆነ ይህ ሁሉ የለም። የዓለምን ሙቀት ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ አትቀንሱትም፤ አንድ ዳርቻ ግን ማስከበር ትችላላችሁ።

ስለዚህ ደብዳቤያችን «ብክለት ይቁም» አይልም። «ከውሃው ዳር ራቅ ያለ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ያለው የእጥበት ቦታ ይሰጥልን» ነው የሚለው። ቦታ የሚሰጠው ማን ነው? ቀበሌው? ክፍለ ከተማው? የመሬት ጽሕፈት ቤቱ? ይህን ማጣራት አሰልቺ ነው፣ ከቢሮ ቢሮ ያንከራትታል፣ ፎቶ ተነስታችሁ የምትለጥፉትም ነገር አይደለም። የዘመቻው ግማሽ ግን እሱ ነው።

ከኃላፊው በፊት የሚጎዳውን ሰው አነጋግሩ

ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ከእጥበት ልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን። አንደኛው ገና ሳይቀመጥ «ጣና ላንተ ከእኔ ይበልጥብሃል? እኔ እኮ እንጀራዬ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀጥ ብሎ ለሚናገር ሰው ትምህርት መስጠት አይገባም፤ ዝም ብሎ መስማት ነው። ሲያወሩ ሲያወሩ የሚፈልጉት ወጣ፦ የቧንቧ ውሃ፣ ጥላ፣ እና ደንብ አስከባሪ እንዳያባርራቸው ተደራጅተው የሚሠሩበት ሕጋዊ ወረቀት። ሦስቱንም ደብዳቤው ውስጥ አስገባን።

ኃላፊው ዘንድ ስንቀርብ የፈራው ነገር ሌላ ሆኖ ተገኘ። የሐይቁ ነገር አላስጨነቀውም፤ «ሥራ አጥ ልታበዙብኝ ነው» የሚለው ነበር ያስጨነቀው። ከጎናችን ሁለት የእጥበት ልጆች ተቀምጠው ነበርና መልሱን እነሱ ሰጡት። እኔ ያን ያህል አሳምሬ አልመልስለትም ነበር።

ለእያንዳንዱ በሚገባው በኩል

ብዙ ቀስቃሽ አንድ ንግግር አዘጋጅቶ ለሁሉም ያንኑ ይደግማል። ፎገራ ያለ ገበሬና ሐይቁ ዳር ያለ የሆቴል ባለቤት አንድ ዓይነት ጆሮ የላቸውም።

ገበሬውን እንውሰድ። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ መጀመሪያ የበረታውም በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ በኩል ነው። አረሙን ከሚመግቡት ነገሮች አንዱ ርብና ጉማራን የመሳሰሉ ወንዞች ከማሳ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ነው። ይህን እንዳለ ወስዳችሁ «ማዳበሪያችሁ እምቦጩን እየቀለበ ነው» ብትሉት ገበሬው የሚሰማው «አትረስ» የሚል ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ «አያ፣ የዘንድሮን ማዳበሪያ በስንት ገዙት?» ዋጋውን ሲነግረኝ ፊቱ ይቋጠራል። «ጎርፉ ስንቱን ይዞት ሄደ?» ከዚህ በኋላ እርከን ስለመሥራት፣ በማሳው ጫፍ የሣር ቁራጭ መሬት ስለመተው ማውራት ይቻላል፤ የምናወራው ስለ ራሱ ብር ነውና። የአየር ንብረት ለውጥ የሚለውን ሐረግ ቶሎ አታምጡት። ዝናቡ መቼ ይገባ እንደነበር፣ አሁን መቼ እንደሚገባ ጠይቁት፤ ከእናንተ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

ዓሣ አስጋሪው ይከብዳል፤ ጥርጣሬው መሠረት አለውና። «ውሃው የጎደለው በሙቀት አይደለም፣ በጨረጨራ ነው» ይላችኋል። አትከራከሩት። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውሃ የጨረጨራ ግድብ ይቆጣጠረዋል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በዋሻ በኩል ይወስዳል። በ1995 ሐይቁ እጅግ ዝቅ ያለው ድርቅና ለኃይል የተለቀቀው ውሃ ተደራርበው ነው። ሁሉንም ነገር በአየር ንብረት ላይ የሚያሳብብ ሰው ጥፋቱን ለሚሠሩ ሰዎች መደበቂያ ይሰጣቸዋል። «እውነትዎን ነው፣ ጨረጨራም አለበት፤ ድርቅ ሲደጋገም ደግሞ ያው ግድብ የበለጠ ይጎዳናል» በሉት። ልክ የሆነበትን ካመናችሁለት ቀሪውን ይሰማችኋል።

ካህናትን አትርሱ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በትውፊት ክልክል ነው፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚያድገው፣ ደኑም እስከ ዛሬ የቆየው ከዚህ የተነሳ ነው። ይህን ያህል ዘመን የተከበረ ሕግ በየትኛው ፖስተር ታገኛላችሁ? ከቅዳሴ በኋላ የምትነገር ሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ እኛ ግድግዳ ላይ ከምንለጥፈው ሁሉ ትበልጣለች። ግን ቀድማችሁ አባቶችን አማክሩ፤ ማይክ ስጡን ብሎ በድንገት መቅረብ ነውር ነው።

ለሆቴል ባለቤት ብዙ ቃል አያስፈልግም። እንግዳው ከበረንዳው ላይ ምን እንደሚያይ ጠይቁት።

ወረቀቱ

ለባለሙያና ለኃላፊ የምትጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይለፍ። ሕግ ጥቀሱ፣ ግን አታስፈራሩበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ በሚነኩን የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት አለን ይላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ብዙ ሰው የማያውቀው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። በዚህ አዋጅ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ጉዳዩን ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላል። እኛ እስካሁን ፍርድ ቤት አልሄድንም። አዋጁን ጠቅሰን መጻፋችን ብቻ ደብዳቤያችንን ከመሳቢያ አውጥቶታል።

ሰልፍ የሚሉ አሉ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው የሚጠይቀው። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ የከተማችንን ያለፉት ዓመታት የምታውቁ ግን ለምን የጽዳት ዘመቻን እንደምመርጥ ይገባችኋል።

ማስረጃችሁን የት ታኖራላችሁ?

አሁን ወደ አፑ። ሕዝባችን ያለው ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ነው፤ ከዚያ ውጡ ብዬ አላሳምናችሁም። ነገር ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 እነዚህ መድረኮች ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። በዚያ ላይ ኩባንያው ሳይታሰብ አካውንታችሁን ቢዘጋ የዓመታት ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ሱቄ ድረስ መጥቶ «አካውንቴን መልስልኝ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ በመፍቻ የሚመለስ ነገር አይደለም።

ስለዚህ የዘመቻው መዝገብ ማስቶዶን ላይ ይቀመጥ እላለሁ። ማስቶዶን በ2016 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ ባለቤቱ አንድ ኩባንያ ያልሆነ መረብ ነው። አሠራሩ እንደ ኢሜይል ነው፤ ጂሜይል ያለው ሰው ያሁ ላለው እንደሚጽፍ ሁሉ፣ በአንዱ ሰርቨር (አካውንቶች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር) ላይ ያለ ሰው በሌላው ላይ ያለውን ይከተላል። ሰርቨሮቹን የሚያነጋግራቸው አክቲቪቲፐብ የሚባል ክፍት መስፈርት ነው።

ሲጀመር ሰርቨር ምረጡ። ትልቁን አትፈልጉ፤ ደንቡን አንብቡ፣ ማን እንደሚያስተዳድረው እዩ፣ አስተዳዳሪው ጥያቄ ሲቀርብለት የሚመልስ መሆኑን ተመልከቱ። አማርኛ የሚያነብ አወያይ ያለበት ሰርቨር ብርቅ ነው፤ ስለዚህ ስድብ ቢደርስባችሁ ሪፖርቱ ላይ የቃሉን ትርጉም ጻፉላቸው። ቅንብሩ ውስጥ የምትለጥፉትን ጽሑፍ ቋንቋ አማርኛ አድርጉ። እምቦጭና እንቦጭ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሃሽታግ ናቸው፤ ማኅበሩ በአንዱ ይስማማ።

ለፊደላችንም ይመቻል። ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ የአንድ ፖስት ገደብ 280 ፊደል ይባላል እንጂ የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር ለእኛ 140 ነው። ማስቶዶን ላይ አብዛኛው ሰርቨር 500 ይፈቅዳል፣ ፊደላችንም እንደ አንድ ይቆጠራል። ብሉስካይ የሚባል ሌላ መረብም አለ፤ 300 ነው፣ ከማስቶዶን የተለየ መስፈርት ይጠቀማል። ሁለቱንም መያዝ ትችላላችሁ፣ ግን አንዱን በወጉ መያዝ ይቀድማል።

የምወደው ነገር ይህ ነው፦ ለሕዝብ የተለጠፈ የማስቶዶን ፖስት አካውንት የሌለው ሰው በሊንክ ብቻ ከፍቶ ያነበዋል። ኃላፊው አፕ አውርድ አይባልም። ፖስቱን እዚያ ታኖራላችሁ፣ ሊንኩን በቴሌግራም ትልካላችሁ፣ ደብዳቤው ግርጌ ላይም ታትማላችሁ።

ፎቶ ስታነሱ ዳርቻውን፣ ፍሳሹን፣ ቀኑን አሳዩ፤ የእጥበት ልጆቹን ፊትና የባጃጅ ታርጋ ግን አታሳዩ። ጠላታችሁ አይደሉም፣ ፎቶውን ማን እንደሚጠቀምበትም አታውቁም። ዋናውን ፎቶ ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ «እንደ ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው የቀንና የቦታ መረጃም ይጠፋል። በተቃራኒው ቦታው እንዲታወቅ የማትፈልጉትን በፋይል አትላኩ።

ማስቶዶን ላይ የግል መልእክት የሚባለው የታሸገ አይደለም፤ የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ሊያነበው ይችላል። ስም፣ ስልክ፣ የስብሰባ ቦታ እዚያ አትጻፉ። የምትከተሏቸውን ሰዎች ዝርዝር በየጊዜው አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሰርቨር ስትቀይሩ ተከታዮቻችሁ አብረዋችሁ ይሄዳሉ፣ የድሮ ፖስቶቻችሁ ግን አይሄዱም፤ ስለዚህ ዋናው ቅጂ ሁልጊዜ ፍላሽ ላይ ይኑር።

ያላጣራችሁትን አትለጥፉ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የተሠራጨ ነገር ላይ ቅጣቱን ያከብዳል። አንድ የተሳሳተ የዓሣ እልቂት ፎቶ የዓመት ሥራችሁን ያበላሻል፣ ሕጉ ባይኖር እንኳ።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ማስቶዶንም ምንም አይጠቅምም፤ ያልተማከለ ቢሆንም በኢንተርኔት ነው የሚሄደው። ለዚህ ጊዜ ብራይር የሚባል የአንድሮይድ አፕ አለ፤ በቅርብ ባሉ ስልኮች መካከል በብሉቱዝና በዋይፋይ መልእክት ያሻግራል። ኔትወርክ ሳለ አውርዱት፣ ከጓደኞቻችሁም ጋር ተያያዙ። ከተማ አቋርጦ ግን አይሄድም። የእኛ ማኅበር በዚያ ጊዜ የኖረው በወረቀት ነው፦ የእድር ስብሰባ ካለቀ በኋላ በሚነበብ አንድ ገጽ፣ እና ከእጅ ወደ እጅ በሚዞር ፍላሽ።

የእጥበት ቦታው ተፈቅዷል። ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ይህን ስጽፍ ገና አልተቆፈረም። እናንተም እዚህ ደረጃ ስትደርሱ የቃል ተስፋ ይዛችሁ አትውጡ፦ እዚያው ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ኃላፊው ይፈርም፣ ቀንና መዝገብ ቁጥር ይኑረው፣ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ፣ አንድ ለእጥበት ልጆቹ ይሰጥ፣ ፎቶው ማስቶዶን ላይ ይውጣ። ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ በመጣ ሳምንት ያንን ወረቀት ይዛችሁ ግቡ።