የሞተር ሳይክል ጎማ ሲቀየር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንድ ወጣት ዕቃ አመላላሽ ከመርካቶ የገዛውን የኋላ ጎማ በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ ጎሚስታ ቤቴ መጣ። ጎማው ተወልውሎ ያብረቀርቅ ነበር፤ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ቀነስ ያለ ነበር። «ዘንድሮ የተመረተ ነው፤ ይኸው ይመልከቱት ጋሼ፣ 16 ይላል» አለኝ። በእርግጥም በጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ 3516 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ነበር።

ይህን ስህተት በተደጋጋሚ ስላየሁት ትዕግሥቴ አልቋል። የጎማ ፋብሪካ በእኛ ዘመን አቆጣጠር አይቆጥርም። ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚመጣው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ካሉት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ። ስለዚህ 3516 ማለት የ2016 እ.ኤ.አ. 35ኛ ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር የነሐሴ 2008 መጨረሻ ነው። ወጣቱ አዲስ ብሎ የገዛው ጎማ ስምንት ዓመት ሊሞላው የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ሻጩ ይህን ያውቅ እንደሆነ ልፈርድበት አልፈልግም፤ ነገር ግን ከእኛ ዓመተ ምሕረት ጋር የሚገጣጠም ቁጥር የያዘ ጎማ በቶሎ እንደሚሸጥ የማያውቅ የጎማ ነጋዴ ገጥሞኝ አያውቅም። በዚያው ሰሞን ሌላ ደንበኛዬ ደግሞ 0824 የሚል ጎማ ቀርቦለት፣ «2024 መቼ ደረሰና ነው? ይህማ ፎርጅድ ነው» ብሎ ትቶት መጥቷል። ያ ጎማ በየካቲት 2016 የተመረተ፣ ገና ለጋ ጎማ ነበር!

የጎማ ዕድሜ በጥርሱ ብቻ አይለካም። ላስቲክ ሳይነዳም ይደርቃል፤ በተለይ ደጅ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲጠብሰው የከረመ ጎማ ጥርሱ እንዳለ ሆኖ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ እርጥብ አስፋልትም አይዝም። ጥቂት የማይባሉ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከተመረተ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲጣል ይመክራሉ። ስለዚህ ጎማውን ከሱቁ ጨለማ ወደ ብርሃን ያውጡት፤ ጥርሱን በጥፍርዎ ጫን ብለው ሲለቁት ይመለስ እንደሆነ ይፈትኑ፤ በጥርሶቹ መካከል ያለውንም ጎድጓዳ በሁለት አውራ ጣት ከፈት አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ። የወጣቱን ጎማ አልገጥምም ስለው ቅር ብሎት ሄደ፤ ሌላ ቦታ አስገጠመው። በመስከረም ካፊያ አደባባይ ሲዞር የኋላው ጎማ ከድቶት፣ ክርኑ ተልጦ፣ የእግር መርገጫው ተጣሞ ተመልሶ መጣ።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው። ሥራውን በጀመርኩባቸው ዓመታት የነበረኝ ሞተር የኋላ ጎማው 3.00-17 (ስፋቱም ከፍታውም 3 ኢንች ያህል፣ ቸርኬው 17 ኢንች) ሲሆን፣ ወፍራም ጎማ መሬት ይቆነጥጣል፣ ለዐይንም ግርማ ሞገስ አለው ብዬ 110/90-17 አስገባሁበት። 110 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 90 ከፍታው ከስፋቱ በመቶኛ ሲሰላ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች መሆኑን አውቅ ነበር፤ ማባዛቱን ግን ችላ አልኩት። ከፍታው ከቀድሞው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበልጣል። ብቻዬን ስነዳ ዳገት ላይ ሞተሩ ከመስነፉ በስተቀር ምንም አልታየኝም። ባለቤቴን አፈናጥጬ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ግን አለልቱ ሳንደርስ የላስቲክ ቃጠሎ ሸተተኝ። የሁለት ሰው ክብደት የኋላውን ባሌስትራ ዝቅ ባደረገው ቁጥር ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር እየተፋተገ፣ መካከሉ እንደተሞረደ ብረት ለስልሶ አገኘሁት። ከዚህም ሌላ ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ስለሚጨመቁ አናቱ ይሾላል፤ ኩርባ ላይ ሞተሩ ሲጋደልም መሬት የሚነካው ክፍል አምራቹ ካሰበው የተለየ ይሆናል። ወጪ አውጥቼ ወፍራም ጎማ ገዝቼ ያገኘሁት ያነሰ መቆንጠጥ ነበር። የፋብሪካው ልክ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ፣ በብዙ ሞተሮችም ካቴናው አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛልና ከእሱ አይውጡ።

ከልኩ ቀጥሎ የተጻፉትን ቁጥርና ፊደል የሚያነብ ደንበኛ እምብዛም የለኝም፤ የሚያነቡትም ፊደሏን ብቻ ነው የሚያዩት። ፊደሏ የፍጥነት ጣሪያ ናት፦ ጄ 100፣ ኤል 120፣ ፒ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት። በከተማችን መንገድ ማን 150 ይነዳል? ሰው ሊያይ የሚገባው ከፊደሏ በፊት ያለውን የጭነት ቁጥር ነው፤ 41 ሲል 145 ኪሎ፣ 47 ሲል 175 ኪሎ፣ 57 ሲል 230 ኪሎ ማለት ነው። የሚፈናጠጠው ሰውም ሆነ የዕቃው ሳጥን አብዛኛው ክብደቱ የሚያርፈው በኋላው ጎማ ላይ ስለሆነ፣ ለጭነት ሥራ የሚውል ሞተር በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት ብር ለማትረፍ መሞከር የለበትም።

ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ለኮብልስቶን ይሻላል የሚል እምነት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጥርሶቹ የተራራቁ ስለሆኑ በጠንካራ መሬት ላይ የሚያርፈው ላስቲክ ትንሽ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ በተለይ በዜብራው ቀለም ላይ ያንሸራትታል፣ በአስፋልትም ቶሎ ያልቃል። ከከተማ ወጥቶ በየሳምንቱ የጠጠርና የጭቃ መንገድ የሚጓዝ ሰው ቢገዛው አልቃወምም፤ ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ግን ትርፉ ጫጫታ ነው።

ያለቀ ጎማ በጋለ ብረት ጥርስ ተቀርጾለት ሲሸጥ ካዩ ዋጋም አይጠይቁ።

በሽቦ የተወጠረ ቸርኬ በአብዛኛው አየር ስለማይዝ፣ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማ ቢገዙለትም ካላማዳሪ ያስፈልገዋል፤ የድሮው ካላማዳሪ ደግሞ ተለጥጦ ስለሚሰፋ በአዲሱ ጎማ ውስጥ እየታጠፈ በታጠፈበት ይቀደዳል። ከጎማው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነውና አብረው ይግዙት። የፊት ጎማ ከኋላው ዘግይቶ ስለሚያልቅ ብዙዎች ይረሱታል፤ አጥብቆ የሚያቆመው ፍሬን የፊቱ መሆኑን ግን ማንም የሚክደው አይመስለኝም። የመሽከርከሪያውን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት ጎሚስታው ሲገጥም ቆመው ይመልከቱ፤ እኔ ራሴ ቸኩዬ ገልብጬ የገጠምኩበት ቀን አለ።

አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ለስላሳ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች ያህል ድንገተኛ ፍሬን ሳይዙ፣ ኩርባም ላይ ብዙ ሳይጋደሉ ሊነዱ ይገባል። በቸርኬው ለማስገባት የሚቀባው የሳሙና ውኃ በጥርሱ ላይ ከቀረ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ገጥሜ ስጨርስ ጥርሱን ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ደንበኛውም ሞተሩን ሳያስነሳ በእጁ እየገፋ እስከ አስፋልቱ እንዲያወጣው አደርጋለሁ፤ ከቤቴ በር ፊት ያለው ቁልቁለት ኮብልስቶን ነውና።