ሴተር ውሾችን በውድድር ላይ እንዴት መዳኘት ይቻላል

በየዓመቱ ኦገስት 12 ቀን በስኮትላንድና በሰሜን እንግሊዝ ደጋማ ሜዳዎች የግራውስ አደን ይከፈታል። ግራውስ የቆቅ ዘመድ የሆነ ወፍ ነው፤ ከጉልበት በማይበልጥ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል። ሴተር ውሻ እዚያ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከአዳኙ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ እየተመላለሰ ሰፊ መሬት ያካልላል። የወፍ ሽታ ሲመጣለት ድንገት ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ አንዳንዱም ሆዱ ሣር እስኪነካ ዝቅ ይላል። ጠመንጃ ከመስፋፋቱ በፊት ውሻው እንዲህ ዝቅ ብሎ ወፎቹን ባሉበት ሲያስቀራቸው አዳኞቹ ከላይ መረብ ይጥሉባቸው ነበር። ሴተር የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ አቀማመጡ ነው።

የዳኝነቱ ሥራ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ሜዳ ነው። ሪንግ (ውሾቹ ለዳኛው የሚቀርቡበት የውድድር ሜዳ) ውስጥ የሚቆመው ውሻ የታጠበ፣ የተበጠረ፣ ጸጉሩ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ ነው፤ ዳኛው ግን በልቡ የሚይዘው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ውሻ እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያስሮጥ አካል አለው ወይ? እኔ የምኖረው እንግሊዝ ሀገር ነው። በየአካባቢው በሚዘጋጁ አነስተኛ ውድድሮች መጀመሪያ የዳኛ ረዳት ሆኜ፣ ኋላም ራሴ ሪንግ መሀል ቆሜ የተማርኩትን ነው የማካፍላችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሪንጉ በፊት፦ አራቱን ዘሮች ይለዩ

ሴተር ሲባል አራት ዘር ነው፦ የእንግሊዝ ሴተር፣ የስኮትላንዱ ጎርደን ሴተር፣ ቀዩ የአይሪሽ ሴተር፣ እና የአይሪሽ ቀይና ነጭ ሴተር። እያንዳንዱ የራሱ የተጻፈ መስፈርት አለው። መስፈርቱን በቃል መያዝ የግድ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደተጻፈ መረዳት ያስፈልጋል።

ለእንግሊዝ ሴተር የዛሬ መልኩን የሰጠው ኤድዋርድ ላቨራክ ነው። በ1825 ከሁለት ውሾች ተነስቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሲያራባቸው ኖሯል። የዚህ ዘር መደቡ ነጭ ሆኖ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ የሎሚ መልክ ያለው ወይም ቡናማ ጠቃጠቆ ይረጭበታል፤ ይህ ጠቃጠቆ ቤልተን ይባላል። ሰውነቱ ላይ ትልልቅ የቀለም ንጣፍ ካለበት ይልቅ መላ አካሉ ጠቃጠቆ የሆነው ይመረጣል። ወንዱ ከ65 እስከ 68፣ ሴቷ ከ61 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ትቆማለች። ጭንቅላቱ ረዘም ያለ፣ በግንባሩና በአፉ መካከል ግልጽ እርከን ያለው ነው፤ ከእርከኑ እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለው ርዝመት ከዓይኑ እስከ ማጅራቱ ጉብታ ካለው ጋር እኩል ይመጣል። ጆሮው ዝቅ ብሎ የበቀለ፣ ጉንጩ ላይ ተጣጥፎ የሚተኛ ሲሆን ጫፉን በጣትዎ ሲነኩት እንደ ከፋይ ይለሰልሳል።

ጎርደን ከበድ ያለ አጥንት አለው። ስሙን ያገኘው ከጎርደን መስፍን ቤት ሲሆን፣ የብሪታንያ የውሻ ዘሮችን የሚመዘግበው ኬኔል ክለብ ግን እስከ 1924 ድረስ «ጥቁርና ቡኒ ሴተር» እያለ ነበር የሚመዘግበው። ጥቁሩ እንደ ከሰል የጠለቀ፣ የዝገት ቅላት የሌለበት መሆን አለበት። ቡኒው የፈረስ አዋቂዎች ዳማ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቦታውም በጥንቃቄ ተወስኗል። ከሁለቱ ዓይኖች በላይ ከ2 ሴንቲ ሜትር የማይሰፉ ሁለት ነጠብጣቦች፣ ደረቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ምልክቶች፣ በአፉ ጎንና ጎን፣ በጉሮሮው፣ በእግሮቹ፣ እንዲሁም ከጅራቱ ሥር። በአፉ ጎን ያለው ቡኒ ከአፍንጫው ሥር በላይ መውጣት የለበትም። ጣቶቹ ላይ በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ቢኖር ይፈቀዳል። ጀማሪ ዳኛ ይህን መስመር አይቶ ውሻውን ዝቅ ሲያደርግ አይቻለሁና ልብ ይበሉ።

ቀዩ አይሪሽ ሙሉ በሙሉ ዳማ ነው፤ አንዲት ጥቁር ጸጉር አይፈቀድበትም። ደረቱ ወይም ጣቶቹ ላይ ትንሽ ነጭ ቢኖር፣ ግንባሩም ላይ ቀጭን ቦራ ቢኖርበት ከውድድር አያስወጣውም። ከአራቱ ለሩጫ የተቀረጸ የሚመስለው እሱ ነው፦ ደረቱ የጠለቀ፣ ከፊት ሲያዩት ጠበብ ያለ፣ ጭንቅላቱ ረዥምና ቀጭን፣ ዓይኑ ያልተፈለፈለ የአልሞንድ ፍሬ የሚመስል። መስፈርቱ በ1886 ደብሊን ላይ ሲጸድቅ ለየአካል ክፍሉ ነጥብ ተመድቦ ድምሩ 100 ነበር። ዛሬ በእንግሊዝ ሪንግ ነጥብ አይደመርም፤ ዳኛው ውሻውን ከነሙሉ አካሉ ይመዝናል።

ቀይና ነጩ አይሪሽ ከቀዩ ወንድሙ ጠንከርና ሰፋ ያለ፣ ጭንቅላቱም ሰፊ ነው። መደቡ ነጭ፣ ቀዩ ደግሞ በውኃ መሀል እንዳለ ደሴት ጥርት ብሎ የተለየ መሆን አለበት። ጠቃጠቆ የሚፈቀድለት ፊቱ ላይ፣ መዳፉ ላይ፣ ከፊት እስከ ክርኑ፣ ከኋላ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ብቻ ነው። ገላው ላይ ከወጣ ትልቅ ጉድለት ነው። እንግዲህ በእንግሊዙ ላይ የሚወደሰው ጠቃጠቆ በዚህኛው ላይ ነውር ሆነ ማለት ነው። አራቱ ዘሮች በአንድ ውድድር ሲቀላቀሉ ዳኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የለመደውን ዘር መለኪያ ይዞ ሌላውን ይለካበታል።

ራቅ ብለው ይጀምሩ

ረዳትዎ ቁጥሮቹን ሲጠራና ባለቤቶቹ በተርታ ሲቆሙ ወዲያው አይጠጉ። አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ይበሉ። ዓይንዎን ጠበብ አድርገው፣ ቀለሙንና ጸጉሩን ረስተው፣ የውሻውን ጥላ ብቻ እንደሚያዩ ያህል ይመልከቱ። አንገቱ ወደ ትከሻው እንዴት ይገባል? ጀርባው ጽኑ ነው ወይስ መሀሉ ሰምጧል? የፊቱና የኋላው ክፍል ይመጣጠናል? ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ሪንጉን አንድ ጊዜ ይዙሩ፤ መደንገጥም መፍታታትም ያኔ ይታያል።

ጸጉሩን ይርሱ ያልኩት በምክንያት ነው። ከሴተር ደረት፣ ሆድ፣ እግርና ጅራት ላይ እንደ ነጠላ ዘርፍ የሚወርደው ጸጉር ውበቱ ነው፤ ዳኛን የሚያታልለውም እሱው ነው። ከደረት ሥር የተንጠለጠለ ዘርፍ ያልጠለቀውን ደረት ጥልቅ ያስመስላል። የታፋ ጸጉር የቀጠነ ጡንቻ ይሸፍናል። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ቀይ ሴተር ገና ሲገባ ልቤን ወሰደው። ዘርፉ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መዳብ ይንቦገቦጋል። በወጉ ሳልዳብሰው አንደኛ አደረግሁት። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ባለቤቱን አስፈቅጄ እንደገና ብዳብሰው ያ ሁሉ የአንገትና የትከሻ ውበት የመቀስ ሥራ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ትከሻ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሁለተኛ ያደረግኋት ደግሞ ቡችሎች አጥብታ ጸጉሯ የረገፈ እናት ነበረች፤ አካሏ ግን የሜዳ አካል ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እጅዎን ከጸጉሩ ሥር ያስገቡ

ገበያ ወርዶ በሬ የሚገዛ ገበሬ የሻጩን ውዳሴ አይሰማም። ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይጨብጣል፣ ጎድኑን ይዳብሳል፣ ከዚያ «እስቲ ንዳው» ይላል። የሴተር ዳኝነትም ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ሴተር የሚፈተሸው መሬት ላይ እንደቆመ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚወጡት ትንንሾቹ ዘሮች ናቸው። ከፊት በኩል ትንሽ ሰያፍ ይዘው ይቅረቡ። ከኋላ መጥቶ ድንገት መንካት ጨዋውንም ውሻ ያስደነግጣል። ባለቤቱን ሰላም ብለው የውሻውን ዕድሜ ይጠይቁ፣ ውሻው እጅዎን ያሽትት፣ ከዚያ አገጩን በመዳፍዎ ይያዙ። ዓይኑን፣ የጆሮውን አበቃቀል፣ የግንባሩንና የአፉን መስመር ይመልከቱ። ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርጉ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ ፊት እንደ መቀስ ስለት ተጠግተው መውረድ አለባቸው።

ቀጥሎ ትከሻ። እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። አንድ እጅዎን ጫንቃው ላይ፣ ሌላውን ከደረቱ ፊት ትከሻና ክንድ በሚገናኙበት አጥንት ላይ ያሳርፉ። የትከሻው አጥንት ወደ ኋላ ጋደል ብሏል ወይስ ቀጥ ብሎ ቆሟል? ከመገናኛው እስከ ክርን ያለው የላይኛው ክንድስ ከትከሻው አጥንት ጋር በርዝመት ይመጣጠናል? ይህ ክንድ ካጠረ ክርኑ ወደ ፊት ይመጣና እርምጃው ያጥራል፤ ሌላው በሦስት እርምጃ የሚሄደውን እሱ በአራት ይሄደዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ይደክማል። እኔ በሪንግ ደጋግሜ የማገኘው ጉድለት ይህ ነው። ጫንቃው ላይ በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ጫፍ መካከልም ጣትዎን ያስገቡ። ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ካለ መልካም ነው፤ ከተነካኩ ውሻው አንገቱን ወደ መሬት ሲያወርድ ያጣብቁታል።

ሁለቱን መዳፎችዎን በጎድኑ ዙሪያ ያሳልፉ። የደረቱን ጥልቀት በጸጉሩ አይለኩ፤ ጣትዎ ፍርምባውን እስኪያገኝ ድረስ ወደ ላይ ይግፉ። ፍርምባው እስከ ክርኑ መውረድ አለበት። ጎድኑ ወደ ኋላ ረዘም ብሎ ይሂድ፤ ልብና ሳንባ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ወገቡ አጠር ያለና ጡንቻማ ይሁን። ታፋውን ጨበጥ ያድርጉት፦ ሜዳ የለመደ ውሻ ታፋ ከእጅ ጋር ይታገላል፣ ሶፋ ላይ የዋለው ይለጠጣል። በመጨረሻ እግሩን አንስተው መዳፉን ይዩ። ጣቶቹ የተጠጋጉና ጎበጥ ያሉ፣ የመዳፉ ትራስ ወፍራም መሆን አለበት። ወንድ ከሆነ ሁለቱም ፍሬዎች መውረዳቸውን ያረጋግጡ።

«እስቲ ንዳው»

ውሻው በሦስት ማዕዘን ይሂድ፦ ከእርስዎ ቀጥ ብሎ ይራቅ፣ በጎን ያቋርጥ፣ ቀጥ ብሎ ይመለስ። ሲርቅ የኋላ እግሮቹን፣ ሲያቋርጥ የእርምጃውን ስፋትና ጀርባውን፣ ሲመለስ የፊት እግሮቹንና ክርኖቹን ይመልከቱ። ሶምሶማ ይበቃል። አንዳንድ ባለቤት ውሻውን ይዞ ይሮጣል፤ ፍጥነት ብዙ ጉድለት ይሸፍናልና ቀስ ብሎ እንዲደግመው ይጠይቁ። ማሰሪያውን ወደ ላይ ወጥሮ የሚመራም ካለ እንዲያላላው ይንገሩት። የፊት እግሩን ከፍ አድርጎ የሚወረውር ውሻ ተመልካች ያስጨበጭባል፤ ነገር ግን ጉልበቱ ወደ ላይ እየሄደ ይባክናል። አይሪሹ የሚፈስ፣ ከኋላ የሚገፋ አካሄድ አለው። ጎርደን እንደ እሱ አልተንሳፈፈም ብለው አይቀንሱበት፤ የጎርደን አካሄድ የተረጋጋ፣ ከኋላ ኃይል ያለው ነው። የእንግሊዙ ጅራት ሲሄድ ወዲህና ወዲያ ይገረፋል እንጂ ከጀርባው መስመር በላይ አይቆምም።

ደረጃ መስጠት

አሁን ይወስናሉ። ጉድለት ከሚቆጥሩ መልካሙን ይመዝኑ። ጉድለት የሌለበት ግን ምንም የማይስብ ውሻ አንደኛ ሆኖ፣ ድንቅ ትከሻና ጎድን ያለው ውሻ ለአንዲት ነጭ ነጥብ ሲል ወደ ኋላ ከቀረ ለዘሩ ጉዳት ነው። የኬኔል ክለብ መስፈርቶችም ጉድለት የሚመዘነው በመጠኑ ልክ፣ እንዲሁም በውሻው ጤናና በተፈጠረበት ሥራ ላይ ባለው ጫና ልክ ነው ይላሉ። ሰው ላይ የሚያጉረመርም ውሻ ግን ምንም ቢያምር ከሪንግ ያስወጡት።

ካታሎጉ፣ ማለትም የተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር፣ ረዳትዎ ዘንድ ይቆይ፤ የባለቤቱን ስም እስኪጨርሱ አይዩ። በ1859 በኒውካስል የተካሄደው፣ የመጀመሪያው ዘመናዊ የውሻ ውድድር እየተባለ የሚጠቀሰው፣ ለፖይንተር (እንደ ሴተር ወፍ የሚጠቁም ሌላ የአደን ውሻ) እና ለሴተር ብቻ ነበር። በሴተር ያሸነፈው የፖይንተሮቹ ዳኛ ውሻ ነበር፤ በፖይንተር ያሸነፈው ደግሞ የሴተሮቹ ዳኛ ውሻ። ውሾቹ ይገባቸው ይሆናል፤ ነገር ግን ይኸው ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላም ይወራል።

በትልቁ የሻምፒዮና ደረጃ ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት ሰርተፊኬት ያገኘ ሴተር ሾው ሻምፒዮን ይባላል። ሙሉ ሻምፒዮን ለመባል ግን በሜዳ ሥራም ማለፍ አለበት። ይህን ሕግ እወደዋለሁ።

ማታውኑ ይጻፉ

ዳኛው ስለ አሸናፊዎቹ አጭር አስተያየት መጻፍ ይጠበቅበታል። ለነገ አያሳድሩት፤ እጅዎ የነካውን ቶሎ ይረሳል። «ቆንጆ ጭንቅላት፣ ጥሩ አካሄድ» ቢሉ ለየትኛውም ውሻ ይሆናል፤ ባለቤቱም የሚማርበት ነገር የለም። እኔ በቅርቡ ስለ አንዲት ጎርደን የጻፍኩት ይህን ነው፦ «የሦስት ዓመት ሴት። ጥቁሯ ንጹሕ፣ የዓይኗ ነጠብጣቦች ልክ። ትከሻዋ ጋደል ያለ፣ የላይኛው ክንዷ ግን ትንሽ አጥሯል፤ ከጎን ስትሄድ ይታወቃል። ጎድኗ ረዥም፣ ወገቧ ብርቱ፣ መዳፏ ጥብቅ። አንደኛ ያደረግኋት በጎድኗና በኋላ እግሯ ግፊት ነው። ሁለተኛው በትከሻ ይበልጣት ነበር፤ ታፋው ሥራ ቢያገኝ ኖሮ ደረጃቸው ይገለበጥ ነበር።»